የዘይቱኑ ትል ከዛፉ አይመጣም፤ የክረምቱን ፍሬ ይተዉት

ጥያቄው ከባሕር ዳር የመጣ ነው፦ «ግቢያችን ውስጥ ከዘር ያበቀልነው የዘይቱን ዛፍ አለን። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሄዷል። ክረምት ላይ ፍሬው ከመብሰሉ ይረግፋል። ስንቆርጠው ውስጡ ነጭ ትል ነው። በጥር የሚደርሰው ትንሽ ይሻላል። ግንዱም እየተላጠ ነው። ጎረቤታችን ማላታይን የሚባለውን ፀረ ተባይ ርጩበት አሉን። እኔ ግን ፈራሁ፤ እናቴ ቅጠሉን ለሳልና ለሆድ እያፈላች ትጠጣለች። ደግሞስ ቅጠሉ እንዲህ የሚሸት ዛፍ እንዴት ትል ይገባዋል? ቆርጠነው ማንጎ ብንተክልስ?»

ማላታይኑን ይተዉት። ዛፉንም አይቁረጡት። ማንጎ ቢተክሉ ደግሞ ያው ትል ይከተልዎታል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ግንዱን እንዝጋው፤ እሱ ቀላል ነው። የዘይቱን ቅርፊት በተፈጥሮው ይላጣል። እንደ ስስ ወረቀት እየተነሳ ይወድቅና ከሥሩ ለስላሳ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አዲስ ቅርፊት ይወጣል። በሽታ አይደለም። ከትሉም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ግንዱ ላይ ቀዳዳ፣ የሚፈስ ሙጫ ወይም የእንጨት ብናኝ እስካላዩ ድረስ ሐሳብ አይግባዎት።

ትሉ የፍራፍሬ ዝንብ ልጅ ነው። ከሥር፣ ከግንድ ወይም ከአበባ ውስጥ አይመጣም፤ ከውጭ ነው የሚገባው። እናት ዝንብ መብሰል የጀመረ ፍሬ ላይ ታርፍና መርፌ በሚመስል ጫፏ ልጣጩን ወግታ ዕንቁላሏን ከሥሩ ታስቀምጣለች። ዕንቁላሉ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ያህል የፍሬውን ሥጋ እየበላ ይቆያል። ፍሬው በዚህ መሐል ይለሰልስና ይረግፋል። ከዚያ ትሉ ይወጣና አፈር ውስጥ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይዘልቅም። እዚያ የስንዴ ፍሬ የምትመስል ቡናማ ሽፋን ለብሶ ይቀመጣል። አሥር ቀን ወይም ትንሽ ቆየት ብሎ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ዙሩ በሙሉ እንደ አየሩ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይፈጃል። አንዲት እናት በዕድሜዋ ከሺህ በላይ ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ሙዝ ላይ የሚሰበሰቡትን ደቃቅ ዝንቦች ብዙ ሰው ከዚህች ጋር ያምታታል። እነሱ የበሰበሰ ነገር ነው የሚፈልጉት፤ ጤነኛ ፍሬ አይወጉም። የእኛዋ መጠኗ የቤት ዝንብ ያህላል። ቢጫና ቡናማ ስለሆነች በሩቁ ትንሽ ተርብ ትመስላለች። ትሉንም መለየት አይከብድም። ያደገውን ትል ሳህን ላይ ቢያስቀምጡት ጥቅልል ብሎ ይፈናጠራል። ይህን ካደረገ ስለ ፍራፍሬ ዝንብ ነው የምናወራው።

ትልልቅ ሰዎች «ድሮ ዘይቱን እንዲህ ትል አልነበረውም» ሲሉ እሰማለሁ። እውነት አላቸው። ዱሮም ሌላ የፍራፍሬ ዝንብ ነበረን፤ ጉዳቱ ግን እንደ አሁኑ አልነበረም። አሁን የምታስቸግረን ከእስያ የመጣች ናት። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በፈረንጆቹ 2003 ኬንያ ውስጥ ነው። ብዙም ሳትቆይ እኛም ጋ ገባች። መጀመሪያ ላይ ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ መስላቸው የራሷን ስም አወጡላት። በኋላ ግን ከእስያዋ ዝንብ ጋር አንድ መሆኗን ተስማሙ። በጣም የምትወዳቸው ማንጎና ዘይቱን ናቸው። እና ማንጎ ብንተክልስ ላሉት መልሱ ይኸው ነው። ዘይቱኑን ቆርጠው ማንጎ ቢተክሉ ዓመታት ጠብቀው ያንኑ ትል ያገኙታል። በዚያ ላይ ማንጎ ከፈረንጆቹ 2010 ወዲህ ወለጋ ላይ ታይቶ የተስፋፋ ነጭ ቅርፊት መሳይ ተባይም አለበት። ማንጎ አይተከል ማለቴ አይደለም። ከትል ለመሸሽ ብለው ግን አይትከሉት።

ወደ ሽታው እንምጣ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዘይቱን የባሕር ዛፍና የቅርንፉድ ዘመድ ነው። ሦስቱም ቅጠላቸው ውስጥ ሽታ ያለው ዘይት ይይዛሉ። አንድ ቅጠል ወደ ፀሐይ አድርገው ቢያዩት ብርሃን የሚያሳልፉ ደቃቅ ነጥቦች ይታዩዎታል፤ የዘይቱ ከረጢቶች ናቸው። ይህ ዘይት ዛፉ ቅጠሉን ከሚበሉ ተባዮች የሚከላከልበት ነው። ዝንቧ ግን ቅጠል አትበላም። የምትፈልገው ፍሬውን ነው። የበሰለ ፍሬ ሽታ ደግሞ ወፍንም ሰውንም ለመጥራት የተሠራ ነው። እርስዎ ግቢው በር ላይ ሆነው «ዘይቱኑ ደርሷል» የሚሉበት ያ ሽታ ዝንቧንም ከሩቅ ይጠራታል። ስለዚህ የቅጠሉ ሽታ ፍሬውን ይጠብቀዋል ብለው አይጠብቁ። ቅጠል ቀቅሎ ፍሬው ላይ መርጨትም ትሉን አያስቆምም።

በክረምት የሚብሰው ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያት አለው። ዝንቧ መጀመሪያ ማንጎ ላይ ትራባለች። የማንጎው ወቅት ሲያልቅ የተራባው ሁሉ ቀጥሎ የሚበስል ፍሬ ይፈልጋል። ያን ጊዜ የእርስዎ ዘይቱን ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ሁለተኛው አፈሩ ነው። እርጥብና ለስላሳ አፈር ውስጥ ትሉ በቀላሉ ይገባል፤ ሳይደርቅም ይቆያል። በበጋ ደረቅና ትኩስ አፈር ላይ ብዙው ይሞታል። በጥር የሚደርሰው ይሻላል ያሉት ለዚህ ነው። ይህን ማስተዋልዎ ትልቅ ነገር ነው፤ መፍትሔውም እዚያው ውስጥ አለ።

አሁን ስለ ማላታይን። ጎረቤትዎ በጎ አስበው ነው የመከሩት። ግን መድኃኒቱ ልጣጩ ላይ ይቀራል፤ ትሉ ደግሞ ውስጥ ነው። የተወጋውን ፍሬ አያድነውም። ዛፉ ላይ ያረፈችውን ዝንብ ይገድላል፤ ነገ ደግሞ ከጎረቤት ማንጎ ሌላዋ ትመጣለች። ስለዚህ ደጋግመው መርጨት ሊኖርብዎ ነው። ዘይቱን ደግሞ ፍሬው በአንድ ቀን አይደርስም። አንዱ ሲበስል ሌላው ገና ጥሬ ነው። ከርጭት በኋላ መጠበቅ ያለብዎትን ቀን ሳይጠብቁ መልቀም የማይቀር ነው፤ ልጆች ካሉ ደግሞ ማን ይጠብቃል? አበባው ላይ ከተረጨ ንቦቹንም ይጨርሳል። ንብ ከሌለ ፍሬውም ይቀንሳል። ሌላም አለ። ብዙ ግቢ ውስጥ መድኃኒቱ ከሱቅ ተቀንሶ በሃይላንድ ጠርሙስ ይመጣል። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚበጠበጥ የሚናገር ጽሑፍ የለውም። ውኃ መስሎት የሚጠጣው ሕፃን ነው። ይህን አደራ እላለሁ፦ በሃይላንድ የተቀዳ መድኃኒት ግቢዎ አይግባ።

እናትዎ ቅጠሉን የሚጠጡ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ቅጠል የሚለቀምበት ዛፍ ላይ ፀረ ተባይ አይረጭም። ያረፈበትን መድኃኒት ማጠብም ማፍላትም ሙሉ በሙሉ አያስለቅቀውም። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ ብባል እኔ ቅጠሉን ነው የምመርጠው።

እኔ የምመክርዎ የክረምቱን ፍሬ ሆን ብለው እንዲተዉት ነው። መራራ ምክር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያንን ፍሬ እርስዎ አልበሉትም፤ ትሉ ነው የሚበላው። ለዝንቧ ማራቢያ እያዘጋጁላት ነው። ህንድ ውስጥ ዘይቱን በስፋት የሚያለሙ ገበሬዎች በዝናቡ ወቅት የሚደርሰውን ምርት ትል ስለሚበዛበትና ጣዕሙም ስለሚቀንስ ይተዉታል። አበባውን ያረግፋሉ ወይም ቅርንጫፉን ይከረክማሉ፤ ዛፉ ጉልበቱን ለብርዱ ወቅት ምርት እንዲያውለው ነው። የባሕር ዳር ክረምትም ለዚህ የሚመች ነው።

ይህ የሚሆነው ዘይቱን የሚያብበው በአዲስ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ነው። ሲከረከም አዲስ ያወጣል፤ በአዲሱ ላይ ያብባል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቢከረክሙት ነሐሴ አካባቢ አበባ ይጀምራል። ከአበባ እስከ ብስለት ደግሞ ከ3 እስከ 5 ወር ነው። ስለዚህ ፍሬው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይደርሳል። ማንጎ የለም፤ አፈሩ ደርቋል፤ ዝንቧም ቀንሳለች።

አከራከሙ እንዲህ ይሁን። ዝናብ የሌለበትን ቀን ይምረጡ። መጋዙ የተሳለ ይሁን። ወደ ላይ የተመዘዙትን ዋና ዋና ቅርንጫፎች ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ይቁረጡ። ሁሉንም ግን በአንድ ዓመት አይጨርሱ። ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ። ወፍራም እንጨት ላይ የሚወጣው ለጋ ሽቅብ ይሮጣል እንጂ ቶሎ አያብብም። ስለዚህ የቀሩትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች ጫፋቸውን ብቻ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ያሳጥሯቸው። የዘንድሮ ፍሬዎ የሚመጣው ከእነሱ ነው። መሐሉን ከፈት ያድርጉት፤ ፀሐይ ይግባበት። ከሥር የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ያንሱ። እንዳይደርቅብዎ አይስጉ። ዘይቱን ጉቶው ብቻ ቢቀር እንኳ ያቆጠቁጣል። የቆረጡትንም እንጨት አይጣሉት፤ ጠንካራ ስለሆነ ለመጥረቢያና ለዶማ እጀታ ይሆናል።

ዝቅ አድርጉት የምለው ለውበት አይደለም። ከጣሪያ በላይ ያለውን ፍሬ ማን ይለቅመዋል? እዚያው ይበስላል፣ ይወጋል፣ ይወድቃል። ባየኋቸው ግቢዎች ሁሉ ሰው የማይደርስበት አናት ነው ትሉን የሚያባዛው። እጅዎ የማይደርስበት ፍሬ የእርስዎ አይደለም።

የወደቀው ፍሬ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጣል። በየሁለት ቀኑ ይልቀሙት። ሳምንት ከቆየ ትሉ ወጥቶ አፈር ገብቷል፤ የሚለቅሙት ባዶ ልጣጭ ነው። የለቀሙትን ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ከተው አፉን ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። ፀሐይ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ክረምት ስለሆነ ፀሐይ ከሌለ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት፤ አፈሩን ይርገጡት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወደ ኮምፖስት ይጥለዋል፤ ወይም ስስ አፈር ያለብሰዋል። ይህ ለትሉ አልጋ ማንጠፍ ነው። ዶሮ ካለዎት ከዛፉ ሥር ይልቀቋት። ጭራ ትልም ሽፋን የለበሰውንም ትለቅማለች። ጥሩ ረዳት ናት፤ የመልቀሙን ሥራ ግን አትተካም።

በጋ የሚደርሰውን ፍሬ ደግሞ አልብሱት። አዎ፣ ፍሬ ይለበሳል። ታይላንድና ታይዋን ውስጥ ለገበያ የሚቀርበው ዘይቱን እያንዳንዱ ፍሬ ዛፉ ላይ እያለ ይጠቀለላል። ፍሬው የትንሽ ሎሚ ያህል ሲሆን፣ ገና ጠንካራና ጥቁር አረንጓዴ ሳለ ነው ጊዜው። ተጠጋግተው ከወጡት አንዱን ትተው ሌላውን ይቁረጡ። ከዚያ በካኪ ወረቀት ወይም ድርብ በሆነ ጋዜጣ ከረጢት ሠርተው ያልብሱት። አፉን ፍሬውን በያዘው ቀንበጥ ላይ በሲባጎ ይሰሩት፤ ስቴፕለርም ይሆናል። ዝንቧ የምትገባበት ክፍተት አይኑር። ፌስታል አልመክርም። ላብ ይይዛል፤ ፍሬው ይበሰብሳል። ውጭ አገር ላስቲክ የሚያለብሱት ከውስጥ የስፖንጅ መረብ አድርገውበት ነው። ወረቀት በክረምት ይርስ ነበር፤ ወደ በጋ ካዞሩት ግን ያ ችግር የለም። ከሁሉም በላይ ጎረቤትዎ ዝንብ ቢያረባም ባያረባም የሚሠራው ይህ ብቻ ነው። የሚያለብሱት ግን ያልተወጋ ፍሬ መሆኑን ይዩ። ልጣጩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጠቆር ያለች ነጥብ ካለች ዘግይተዋል፤ ያንን አንስተው ይቅበሩት።

ዛፉ ላይ እስኪበስልም አይጠብቁ። ጥቁር አረንጓዴው ወደ ፈዛዛ ሲቀየር ይቁረጡት። ቤት ውስጥ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይበስላል። ጣዕሙ ብዙ አይቀንስም። ከበዛብዎ ማርማላታ ይሥሩት።

ወጥመድ ይሸጣል ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ከሁለቱ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ይለዩ። አንደኛው በሚሸት ነገር ወንዶቹን ዝንቦች ብቻ የሚስብ ነው። በሳምንት ጠርሙሱ በዝንብ ይሞላና ሰው ይደሰታል። ዕንቁላል የምትጥለው ግን ሴቷ ናት፤ እሷ አልተያዘችም። ሠፈሩ በሙሉ በብዛት ቢሰቅለው ይጠቅማል። አንድ ግቢ ላይ አንድ ጠርሙስ ዝንቧ መኖሯን ከማሳወቅ አያልፍም። ሁለተኛው የእርሾ ማማለያ ነው። እናት ዝንብ ዕንቁላሏን ለማብሰል ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ እርሾ ሲሸታት ትመጣለች። ይህኛው የተሻለ ነው። በአካባቢዎ የግብርና ጽሕፈት ቤት ካገኙት ይጠቀሙበት። ካላገኙትም መልቀሙና ማልበሱ ብቻውን ብዙ ያራምድዎታል።

ገደቡንም ልንገርዎ። በመጀመሪያው ዓመት ትሉ ጨርሶ አይጠፋም። ዝንቧ ሩቅ ትበራለች። አጠገብዎ ማንጎ ያለው ጎረቤት የወደቀውን ካልለቀመ በየክረምቱ ትመጣብዎታለች። ማላታይን የመከሩዎትን ጎረቤት በጥቁር ላስቲክ ቢመልሱላቸው ጥሩ ነው፤ ሁለት ግቢ አብሮ ሲለቅም ለውጡ በዓይን ይታያል። በበጋው ፍሬ ላይ ውኃም አይርሱ። ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በደንብ ካልጠጣ ፍሬው ትንሽና ደረቅ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ዘይቱን ነው? አዎ፣ ይገባዋል። 100 ግራም ዘይቱን ውስጥ ወደ 228 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ አለ። ብርቱካን የዚህን ሩብ እንኳ አይሞላም። ልጅ ላለበት ቤት ግቢ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ትል ያለበትን ፍሬ ሳያዩ የበላ ሰው ካለም አይደንግጥ። ይህ ትል በሰው ሆድ ውስጥ አይራባም።

የመጨረሻው የእናትዎ ቅጠል ነው። እኔ የዕፅዋት ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የዘይቱን ቅጠል በብዙ አገር ለሆድ ይጠጣል። ውስጡ ያለው ጎምዛዛ ነገር ተቅማጥን ያዝ ያደርጋል። ግን ሕፃን ካስቀመጠው ቅጠሉ ሕክምና አይደለም። ኦአርኤስ ቶሎ መስጠት፣ ከበረታ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። እናትዎ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ቅጠሉን መጠጣታቸውን ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ቅጠሉ ስኳር ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ደም ማነስ ካለባቸው ከምግብ ጋር አይጠጡት። አንድ ጥንቃቄም ልጨምር። ዘመድ ከአረብ አገር «የዘይቱን ቅጠል ለዚህ ጥሩ ነው» ብሎ ከላከልዎት የሚያወራው ስለ ወይራ ነው። በአረብኛ ዘይቱን ማለት ወይራ ነው፤ የእኛን ዘይቱን ጉዋፋ ይሉታል። የአንዱን ጥቅም ለሌላው አይውሰዱ።

ሰኔ ላይ ሲከረክሙ ብዙ ቅጠል ይወርዳል። እናትዎ ከዚያ ላይ ጠቆር ያለውን፣ ነጠብጣብ የሌለበትን ይምረጡ። በንጹሕ ውኃ አጥበው ቤት ውስጥ ሰፌድ ላይ በስሱ ያስጡት፤ ፀሐይ ሽታውን ያጠፋዋል። በእጅ ሲታሽ እስኪሰበር ካደረቁት በኋላ በክዳን ዕቃ ይቀመጥ። ክረምቱን በሙሉ ይበቃቸዋል።